ጡጦውን አትቅደጂው

«ልጄ 7 ወር ከ2 ሳምንቱ ነው፣ ከሙቅ ውጪ ምንም አይወስድም፣ የተቀቀለ ድንች ስሰጠው ቋቅ ብሎት እናቴ ጮኸችብኝ፣ ጥርስ እስኪያወጣ ልጠብቅ ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አትጠብቂ። እኔ ጥርስ ስጠብቅ አራት ወር ሙሉ አልቅሻለሁ።

እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ተጨማሪ ምግብ፣ ጡቱ ደግሞ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንደሚቀጥል ታውቂዋለሽ። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እኔ የምጽፍልሽ ግድግዳው ላይ ያላገኘሁትን ነው።

1. ሙቁን ከጡጦ አውጪው። ዛሬውኑ።

በምን እንደምትሰጪው አልጻፍሽም። ግን ሥራ የምትውዪ ከሆነ በጡጦ እንደሆነ እገምታለሁ፣ እኛም ቤት እንደዚያ ነበርና። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፣ 30ው ከመውለድ በፊት ያልቃል። ልጄን የሦስት ወር ልጅ አድርጌ ለእማዬ ትቻት ቢሮ ገባሁ። ጥቅምት ላይ ስድስት ወር ሲሞላት እማዬ ምጥን አዘጋጀች፤ ጤፍ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ሽምብራ፣ ትንሽ ለውዝ፣ ሁሉንም አምሳ፣ ለቅማ፣ አስፈጭታ። ምጥኑ ላይ አንድም ቅሬታ የለኝም፣ ነገ ብወልድም እሱኑ አስፈጫለሁ። ጥፋቱ አሰጣጣችን ነው። ሙቁ ወፈር ሲል በጡጦው አልወርድ አለ። ሲቀጥን ደግሞ አያጠረቃትም። እና የጡጦውን ጎማ በጋለ መርፌ በሳነው። እሱም አልበቃ ሲል በመቀስ መስቀለኛ አድርገን ቀደድነው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ በጀርባዋ ተኝታ በአምስት ደቂቃ ጭልጥ ታደርገዋለች። «ጨርሳለች» ተብሎ ይደወልልኛል፣ እኔም ቢሮ ቁጭ ብዬ እፎይ እላለሁ።

ያቺ ቀዳዳ ናት ጉድ የሠራችኝ። ልጅ መጥባት ተምሮ ነው የሚወለደው፤ ማላመጥን ግን አይቶ፣ ነክሶ፣ ተፍቶ ነው የሚማረው። ምላሱ ምግቡን ወደ ጎን መውሰድ፣ ድዱ መጨፍለቅ መልመድ አለባቸው። እኛ ይህን ሁሉ ትምህርት በአንድ መቀስ ዘጋነው። ሙቅ ስጪው፣ ግን አወፍረሽ፣ በማንኪያ፣ ቁጭ አድርገሽ።

2. ቋቅ ማለትና መታነቅ ለየቅል ናቸው።

ይህን ማንም አልነገረኝም። ኅዳር ላይ፣ ልጄ ሰባት ወሯ፣ የተቀቀለ ድንች በእጇ ሰጠኋት። ነከሰች፣ ቋቅ አላት፣ ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እማዬ ከጓዳ እየጮኸች ወጣች። «ጥርስ ሳታወጣ! ልትገያት ነው?» እማዬን አልወቅሳትም። ልጅ ሳለች ጎረቤታቸው አንድ ሕፃን በቆሎ ቆሎ ታንቆ ሞቷል፣ እዚያው ነበረች። ያንን ያየ ሰው ቢጮህ አይፈረድበትም። እኔ ግን ሳላጣራ እጅ ሰጠሁ። ድንቹ ተነሣ፣ ጡጦው ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ልጄ አፍ የሚላመጥ ነገር የገባው ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ ነው።

ልዩነቱ ይኸውልሽ። ቋቅ ሲለው ድምፅ አለው። ያስላል፣ ይቀላል፣ ምግቡን በምላሱ ወደ ውጪ ይገፋዋል። በዚህ ዕድሜ ቋቅ የሚያሰኘው ቦታ ምላሳቸው ላይ ወደ ፊት ቀረብ ያለ ስለሆነ ትንሹም ነገር ይቀሰቅሰዋል። ራሱን የሚጠብቅበት ነው፣ ከጎኑ ሆነሽ በእርጋታ እዪው። መታነቅ ግን ዝም ያለ ነው። ማልቀስ አይችልም፣ ማሳል አይችልም፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ያኔ ነው ሩጫው። ክንድሽ ላይ በደረቱ ታስተኚዋለሽ፣ ራሱ ዝቅ ይላል፣ በመዳፍሽ ሥር (አንጓሽ አጠገብ ባለው ወፍራም ክፍል) ጀርባው ላይ ትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ ጠንከር አድርገሽ ትመቺዋለሽ። ካልወጣ ገልብጠሽ የደረቱ መሃል ላይ፣ ከጡቶቹ መስመር ዝቅ ብለሽ፣ በአንድ እጅሽ መዳፍ ሥር 5 ጊዜ ትጫኚዋለሽ። እስኪወጣ ሁለቱን ትደጋግሚያለሽ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሐኪም ቤት የሚያደርሳችሁ ይፈልጋል። የማይታይሽን ነገር በጣት ልፈልግ አትበዪ፣ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ። ይህን ለእናትሽም በአሻንጉሊት አሳዪያት። እኔ ለእማዬ ሳሳያት ነው ፍርሃቷ የቀለለላት።

የእማዬ ፍርሃት ግን ቦታ አለው። ቆሎ፣ ሙሉ ለውዝ፣ ፈንዲሻ፣ ያልተሰነጠቀ ወይን፣ ጥሬ ካሮት ለሕፃን አይሰጥም። ቆሎና ፈንዲሻውን እኛ ቤት አራት ዓመት እስኪሞላት አናስነካትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምንሽ። ቤታችሁ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻው ምንጣፉ ላይ፣ ቄጤማው ውስጥ ይረግፋል አይደል? ልጅሽ ወደ ዘጠኝ ወሩ ሲጠጋ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ትንንሽ ነገር መልቀም ይጀምራል፣ እየዳኸም ይሆናል። ሰው ድንች ትሰጫለሽ ብሎ ይጮህብሻል፣ ወለሉን ግን አያይም። ቡና ባለ ቁጥር መጀመሪያ ወለሉን ጥረጊ።

3. ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ጠጠር ያለ፣ የሚላመጥ ምግብ ይልመድ።

እኔ ዘጠኝ ወር ሲሞላት የት እንደነበርኩ ልንገርሽ። ጥር ላይ ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ሄድን። ካርድ ክፍል አንድ ሰዓት ከምናምን ቆምን፣ ከዚያ «ይህ የእናንተ መስኮት አይደለም» ተብለን እንደገና ሌላ ሰልፍ። ሚዛን ላይ ስትወጣ ከሰባት ወሯ ወዲህ ምንም አልጨመረችም። ነርሷ ካርዱን አይታ፣ ያ ሁሉ እናት እየሰማ፣ «ምን እያበላሻት ነው? ወልዶ ለሠራተኛ ጥሎ መሄድ ብቻ!» አለችኝ። ሠራተኛ አይደለችም፣ እናቴ ናት ልል ፈልጌ ድምፄ እምቢ አለኝ። እስካሁን የሚያናድደኝ ስድቡ ብቻ አይደለም። ከሰደበችኝ በኋላ እንኳን ምን እንደማበላት፣ በምን እንደማበላት አልጠየቀችኝም። አንድ ጥያቄ ብትጠይቅ ኖሮ ሁለት ወር ታተርፍልኝ ነበር።

ከዚያ የግል ክሊኒክ። ካርድ፣ ደም፣ ሰገራ፣ አንድ ጠርሙስ ቫይታሚን፣ አንድ ጠርሙስ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ። ሁለት ጊዜ ተመላልሰን ከአራት ሺህ ብር በላይ ወጣ። የደም ማነሷ ታይቶ የብረት ሽሮፕ መታዘዙ ትክክል ነበር፣ እሱን አመሰግናለሁ። የፍላጎቱ ሽሮፕ ግን ልጄን ቀኑን ሙሉ አስተኛት። የተኛች ልጅ ደግሞ ምኑን ትበላለች? እዚያም አበላሏን የጠየቀ የለም። እባክሽ እንዲህ ያለ ሽሮፕ ለሕፃን ሲታዘዝልሽ ምን መድኃኒት እንደሆነና ለዕድሜው ይሆን እንደሆነ ሳትጠይቂ አትውጪ።

በዚህ መሃል ማንኪያ ስታይ አፏን ትዘጋ ጀመር። ጠጠር ያለ ነገር ምላሷን ከነካ ያሳለፈችውን ሙቅ ሁሉ ታስመልሳለች። የካቲት መጨረሻ ላይ ጓደኛዬ ሌላ ጤና ጣቢያ ላከችኝ። እዚያ አንዲት ወጣት የሥርዓተ ምግብ ባለሙያ ባለ ቀለም በሆነው ጥብጣብ የክንዷን ልኬት ወሰደች። 12.3 ሴንቲ ሜትር፣ ቢጫው ላይ። ከ12.5 በታች ቢጫ ነው፣ የምግብ እጥረት፤ ከ11.5 በታች ቀይ፣ ከባዱ። ከዚያ ቦርሳዬን ዐይታ «ጡጦውን እስኪ አሳዪኝ» አለች። ጎማውን በጣቷ ከፈተችው፣ ቅዱን አየችው። አልጮኸችም። «ልጅሽ ምግብ አልጠላችም፣ አፏ ሥራ አልለመደም» አለችኝ። ጠጠር ያለ ምግብ ከዘጠኝ፣ ከአሥር ወር በኋላ የሚጀምሩ ልጆች ብዙዎቹ በኋላ አበላላቸው እንደሚያስቸግር እሷ ናት የነገረችኝ። ሃያ ደቂቃ ሰጠችኝ፣ ካርዱን ሳይጨምር አንድ ብር አላስከፈለችኝም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መጻፍ ትቻለሁ፣ ያደረግነውን ልንገርሽ።

ቀጥ ብላ የምትቀመጥበት ወንበር አገኘን፣ ማዕዱ አጠገብ። ሁላችንም ስንበላ ነው የምትበላው፣ ለብቻዋ የሚባል ቀረ። መጀመሪያ ስኳር ድንች ነው፤ ከጣቴ ወፈር አድርጌ በርዝመቱ ቆርጬ፣ በሁለት ጣቴ ስጫነው እስኪፈርስ ቀቀልኩት። ረጅም የሚሆነው በጭብጧ ይዛው ጫፉ እንዲወጣላት ነው። ትንሽ ክብ ክብ አድርገሽ እንዳትቆርጪው። አቮካዶ ከእጇ እየተንሸራተተ ሲያስቸግር እማዬ በሶ ለበስ አደረገችው፣ ያዘችው። ይህን ከማንም አልሰማችም፣ ራሷ ናት ያገኘችው። የበሰለ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ጥብስ ያለ እንቁላል በርዝመቱ ተቆርጦ። ለሦስት ሳምንት ያህል መወርወርና መላስ ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ ወፍራሙ ምጥን በማንኪያ፣ ጡቷም ባለበት ቀጠለ፣ አልራበችም።

እንጀራ የገባላት በእሁድ ምሳ ነው። ምስር ክክ አልጫ ነበር፣ ጨውና ቅመም ሳይገባበት ቀድመን ለሷ ቀንሰንላት። እማዬ በአልጫው አርሳ እፊቷ አስቀመጠችላት። እጇን ሰዳ ጨበጠችው፣ ወደ አፏ ወሰደችው፣ አላመጠች። በድዷ! ሁላችንም መብላት አቁመን አየናት። እማዬ «እሰይ የኔ ልጅ» እያለች አለቀሰች። ያቺ የጮኸችብኝ እናቴ ናት። እኔ እንደሆነ እንጀራን ያህል ለሕፃን እጅ የሚመች ምግብ ያለ አይመስለኝም፤ በወጥ ሲርስ ይለሰልሳል፣ ይያዛል፣ ደግሞ የቤቱ ምግብ ነው። ደረቁን ግን አትስጪ፣ ላንቃ ላይ ይጣበቃል።

ጣዕም ላይ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ። ቀይ ሥር ስምንት ቀን ተፋችብኝ፣ በዘጠነኛው ዋጠች፣ አሁን ከእኔ ትቀማለች። አሥር ጊዜ ሳታስቀምሺ «አይወድም» አትበዪ። ግን አታስገድጂው፣ አፍ ሲዘጋ ምግቡ ይነሣ። እንቁላልና ለውዝን ያለ ምክንያት አታዘግዪ፤ ለውዙን ፈጭተሽ አልመሽ፣ ወይም በሙቁ ውስጥ። አዲሱን ነገር ጠዋት ስጪው፣ ሰውነቱ ቢቆጣ ሐኪም ክፍት በሆነበት ሰዓት እንድታዪው። ማር ዓመት ሳይሞላው ለጣትም አይሆንም፣ አክስትሽ ከገጠር ይዛ ብትመጣም። ዳቦ በሻይ ነክሮ መስጠት ደግሞ ይቅር፤ ሻይ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ያግዳል፣ ልጅ ይዞት የተወለደው ብረት ደግሞ ስድስት ወር አካባቢ እያለቀ ነው። የኔዋ ደም ያነሳት ለዚህ ነው፤ ጉበት፣ ሥጋ፣ እንቁላል አልገባላትም ነበር።

ስለ ጾሙም ልጨምርልሽ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሁዳዴ ነበር። እማዬ ሕፃን እንደማይጾም ታውቃለች፣ የጨነቃት ድስቱ ነው፣ ቢላዋው ነው። ብዙ ቤት ልጆች በጾም ሥጋና እንቁላል የሚያጡት በዚህ ይመስለኛል፣ ማንም ጹሙ ሳይላቸው። ለልጄ ትንሽ ድስት፣ ቢላዋና መክተፊያ ገዛሁላትና ነገሩ በአንድ ቀን አለቀ። ልኳንዳው ሳይዘጋ በቅበላ ጉበት ገዝቼ ትንሽ ትንሽ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩ፤ በሳምንት አንድ ቀን ጥቂት በቂ ነው፣ በደንብ ብስል ብሎ፣ ተፍጭቶ። እንቁላሉ ደግሞ በጾም ረከስ ይላል።

በትንሣኤ ሳምንት ዓመቷ ሞላ። ክንዷ አረንጓዴ ገባ። ያቺን ባለሙያ ድፎ ዳቦ ይዤላት ሄድኩ።

ጥርሱን ጠይቀሽ ነበር። የልጄ የመጀመሪያ ጥርስ የወጣው ከልደቷ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እንጀራውንም፣ እንቁላሉንም፣ የትንሣኤውን ዶሮ ተልትሎላትም፣ ያ ሁሉ በድዷ ነው የተበላው።