ቴትራመር በሌለበት ደሴ

ከደሴ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ሜዲካል ላቦራቶሪ ልትጨርሺ አንድ ዓመት ቀርቶሻል። ስለ ቴትራመር፣ አንድን ጀርም የሚያውቁትን ቲ ሴሎች (በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሴሎች) ለይቶ ስለሚያስቆጥረው ዘዴ፣ አንብበሽ ልብሽ ሸፍቷል። «መሣሪያው እዚህ የለም፤ ሻንጣዬን ሸክፌ አዲስ አበባ ልግባ?» ነው ያልሽኝ።

ቆይ፣ አትሸክፊ።

ቴትራመር ቢማርክሽ አልፈርድብሽም። እነ ማርክ ዴቪስ በ1996 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። ቲ ሴል የአንቲጅኑን (የጀርሙን መለያ ፕሮቲን) ቁራጭ የሚያውቀው ኤችኤልኤ በሚባል ፕሮቲን ላይ ተቀምጦ ሲቀርብለት ነው። አንድ ኤችኤልኤ ከነቁራጩ ብቻውን ሲሆን ከሴሉ ጋር ተያይዞ አይቆይም፣ ቶሎ ይላቀቃል። ስለዚህ አራቱን ስትሬፕታቪዲን በሚባል ፕሮቲን አሰሩና የሚያበራ ቀለም ጨመሩበት። የተያዘው ሴል፣ ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር በሚያይ ዘዴ፣ በፍሎው ሳይቶሜትሪ ይቆጠራል።

ግን በልክ እንደተሰፋ ልብስ ነው። ኤችኤልኤ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ኤ2 ለሚባለው ዓይነት የተሠራው፣ ኤ2 ለሌለው ሰው አይሆንም። መጀመሪያ የሰውዬውን ኤችኤልኤ ማወቅ አለብሽ።

ኤሊስፖት የሚባለው ሌላው ዘዴ ይህ ጣጣ የለበትም። ሴሎቹን ከአንቲጅኑ ጋር ፕሌት ላይ ታሳድሪያለሽ። አንቲጅኑን ያወቀው ሴል ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ፕሮቲን ያወጣል፤ ባረፈበት ቦታ ነጠብጣብ ይቀራል። ቲ-ስፖት የሚባለው የቲቢ ምርመራ የሚሠራው እንዲህ ነው። ኢሳት-6 እና ሲኤፍፒ-10 የተባሉት የቲቢ አንቲጅኖች በቲቢ ክትባቱ በቢሲጂ ውስጥ ስለሌሉ፣ ክትባት መውሰድሽ ውጤቱን አያወናብደውም። ቲቢ ደግሞ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ለሁለቱም የሚያስፈልገው ግን ጤነኛ ሴል ነው። ነጭ ሴሎቹን ፊኮል በሚባል ፈሳሽ ከደሙ መለየት፣ በትራይፓን ብሉ ቀለም ሰማያዊ የሆነውን ሙት ከሕያው ነጥሎ መቁጠር። እኔ ጀማሪ ሳለሁ «እንዳይበላሽ» ብዬ ደሙን ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሴሎቹ ለምንም አልሆኑም፤ አለቃዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ።

ለቆጠራው ማይክሮስኮፕና ኒውባወር ቻምበር (የሴል መቁጠሪያ መስታወት) ይበቃሻል። ለአታችመንት (ለተግባር ልምምድ) ስትመደቢ የኤችአይቪ ታካሚዎችን ቲ ሴል የሚቆጥረው የሲዲ4 ማሽን ካጋጠመሽ ከባለሙያው አጠገብ አትራቂ፤ ብዙዎቹ በፍሎው ሳይቶሜትሪ ነው የሚሠሩት። የታካሚ ትርፍ ደም ግን ያለ ፈቃድ እንዳትነኪ።

ስትመረቂ አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም ቅጥር ሲያወጣ አመልክቺ። «ኢሚውኖሎጂ እወዳለሁ» ከምትዪ፣ ስንት ናሙና እንደለየሽና ከመቶ ስንቱ ሕያው እንደነበር ጻፊ። ይህን የምትመዘግቢበትን ደብተር ነገ ፒያሳ ስትወጪ ግዢ። ጠንካራ ልባድ ያለውን፤ ስስ ደብተር ላቦራቶሪ ውስጥ ወር አይቆይም።