መጸለይ አቃተኝ፣ እምነቴን አጥቼ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አምዱን ሁሌ አነባለሁ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬ 31 ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት መጀመሪያ ከሥራ ተቀነስኩ፣ ከዛ እናቴ ታማ ስምንት ወር አስታመምኳትና አረፈች፣ እሱ ሳይወጣልኝ ደግሞ ከእጮኛዬ ጋር ተለያየን። አሁን ልጸልይ ስል ቃል አይመጣልኝም፣ አንዳንዴ እንደውም እግዚአብሔር ላይ እናደድና መልሼ በመናደዴ እፈራለሁ። ቤተክርስቲያን ሰው ሲዘምር አፌን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። አንዷ ጓደኛዬ "የተደበቀ ኃጢአት ይኖርሻል ራስሽን መርምሪ" አለችኝ፣ ሌላዋ ደግሞ "የሚወደውን ነው የሚፈትነው ደስ ይበልሽ"። ሁለቱም ይባስ አደከሙኝ። እምነቴ አልቆ ነው? ለጸሎት ግሩፔስ ልንገር ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ እንኳን ሰው ይጥላል።

እምነቴ አልቋል ላልሽው፣ እኔ አይመስለኝም። ሰው የለም ብሎ የደመደመውን አካል አይቆጣም፣ አንቺ እኮ እየተጣላሽ ያለሽው አለ ብለሽ ከምታምኚው ጋር ነው። መዝሙረ ዳዊትን ደግሞ እስቲ በዚህ ዓይን እይው፣ ከ150ው ሲሶ የሚያህለው እሮሮ ነው፣ "እስከ መቼ" "ለምን ተውከኝ" የሚል። አብዛኛው ሲያልቅ ወደ ምስጋና ይዞራል፣ መዝሙር 88 ግን (አንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ 87 ተብሎ ታገኚዋለሽ) አይዞርም፣ በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ነው የሚያልቀው። ይሄ እምነት የጎደለው ጸሎት ነው ብሎ ያወጣው የለም፣ እዛው አለ። ጌታም መስቀል ላይ የጮኸው ከመዝሙር 22 መጀመሪያ ነው፣ "አምላኬ አምላኬ ለምን ተውከኝ" ብሎ። ስለዚህ ቃል ሲያጥርሽ እነዚህን መዝሙሮች አንብቢ፣ እሱም ጸሎት ነው። ንዴትሽንም ለራሱ ንገሪው፣ አይደነግጥም።

ወደ ጓደኞችሽ ልምጣ፣ እዚህ ጋ ትንሽ እናደዳለሁ ይቅርታ። ዮሐንስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት ቢሠራ ነው ብለው ጠየቁ፣ እሱም ሆነ ወላጆቹ አይደሉም ተባሉ። የኢዮብ ጓደኞችም የሠሩት ደህና ነገር ቢኖር መጀመሪያ ላይ 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ መቀመጣቸው ነው፣ ነገሩን ያበላሹት ማብራራት ሲጀምሩ ነው፣ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው። "ደስ ይበልሽ" ያለችሽ ደግሞ ክፉ አስባ አይደለም፣ ግን ጳውሎስ ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ ነው ያለው። ኢየሱስ እንኳን አልዓዛርን ሊያስነሳው እንደሆነ እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አልቅሷል። ለተሰሎንቄ ሰዎች የተጻፈውም ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ነው እንጂ ጭራሽ አትዘኑ አይደለም። የእናትሽን ትንሣኤ እያመንሽ ለእናትሽ ማልቀስ ትችያለሽ፣ አይጋጭም።

ሥራ ቶሎ ታገኛለሽ፣ የተሻለ ሰው ይመጣል ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ የማላውቀውን ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ምግብስ? ኤልያስ ያንን ሁሉ ተአምር አይቶ ሲያበቃ ክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ "በቃኝ ነፍሴን ውሰዳት" ያለ ሰው ነው። መልአኩ አልገሠጸውም፣ አልሰበከውም፣ ተነስና ብላ አለው፣ በልቶ ተኛ፣ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር "እዚህ ምን ታደርጋለህ" ብሎ የጠየቀው ከዛ 40 ቀን በኋላ ኮሬብ ተራራ ላይ ነው። ስምንት ወር በሽተኛ ስታገላብጥ የከረመች ሰው ሰውነቷ ዝሎ ሳለ ነፍሴ ለምን ደከመች ብላ ራሷን ባትወቅስ ጥሩ ነው። እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘሽ፣ በተለይ ደግሞ ሞት ሞት ካለሽ ሳታዘገዪ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ዲፕሬሽን ሕመም ነው፣ መታከም እምነት ማነስ አይደለም።

ለግሩፑ መንገርን በተመለከተ፣ ለሁሉም በአንዴ አትንገሪ። ምክር የማታበዛዋን አንዷን ምረጪ። ማርቆስ 2 ላይ ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው ጣራ አፍርሰው ነው ያወረዱት፣ ኢየሱስም የእነሱን እምነት አይቶ ነው የሚለው፣ ሰውዬው ያን ቀን ያመነ ይሁን አይሁን አልተጻፈም፣ ተኝቶ ነበር በቃ። እንዲህ ብለሽ ሜሴጅ ላኪላት፦ "እኔ ለጊዜው መጸለይ አልቻልኩም፣ አንቺ ስለ እኔ ጸልዪ፣ መልስ አትላኪልኝ፣ ቅዳሜ ግን መጥተሽ አብረሽኝ ተቀመጪ።"