የጎንደር ታሪክ በእንግሊዝኛ ሲነገር «መጀመሪያ» ምን ይባላል?

እህቴ፣ ለአስጎብኚነት እየተዘጋጀሽ እንደሆነ ጽፈሽ «መጀመሪያ ለሚለው ቃል ቢጊኒንግ ልበል፣ ስታርት ወይስ ኦሪጂን?» ብለሽ ጠይቀሻል። ፋሲል ግቢ ውስጥ እንግዳ ሳስጎበኝ የለመድኩትን ልንገርሽ።

የከተማ አመሠራረት ከሆነ ሦስቱንም ተያቸው። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ማድረጋቸውን ስትናገሪ ቃሉ «ፋውንድድ» ነው። ለትምህርት ቤትም ለማኅበርም ይኸው ይሠራል። «ጎንደር ስታርትድ» ብትይም ይገባቸዋል፤ ግን ሞተር ያስነሳሽ ይመስላል። ኦሪጂን የሚባለው «ከየት መጣ?» ለሚል ጥያቄ ነው፤ የአንድ ስም ወይም ልማድ ምንጭ ሲነሳ ያዢው።

ቢጊንና ስታርት ብዙ ጊዜ ይተካካሉ። ጉብኝቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ «ቢጊንስ» በይ «ስታርትስ»፣ ለውጥ የለውም። መኪና ማስነሳት ግን ስታርት ብቻ ነው። ኮሜንስ የደብዳቤና የሥነ ሥርዓት ቃል ነው። በር ላይ ቆመሽ «ሌት አስ ኮሜንስ» ካልሽ ፈገግ ይሉብሻል።

ኦንሴትን ተጠንቀቂ። አብዛኛውን ጊዜ ለማይወደድ ነገር ነው የሚውለው። ሐኪም ቤት የሠራ ያውቀዋል፤ ሕመሙ የጀመረበት ጊዜ ካርድ ላይ «ኦንሴት» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ለሠርግ አይሆንም! አውትሴት ዘመዱ ቢመስልም ክፋት የለበትም፤ «ፍሮም ዚ አውትሴት» ማለት ገና ከጅምሩ ማለት ነው።

ለእኛ ሥራ ከሁሉም የሚጠቅመው ግን «አት ፈርስት» ነው፣ በእኔ ግምት። ይህን ስትይ ሰሚው «ታዲያ በኋላ ምን ተለወጠ?» ብሎ ጆሮውን ያቆማል። «አት ፈርስት» ብለሽ ነገሥታቱ ድንኳን እየተከሉ ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ እንደነበር ተናገሪ። ከዚያ ወደ ግንቡ አሳዪ። ታሪኩ ራሱ ይሄዳል። «ኢን ዘ ቢጊኒንግ»ም እዚህ ቦታ ይገባል፤ ትንሽ የኦሪት ዘፍጥረት ሽታ አለው እንጂ። ቅደም ተከተል ብቻ ከሆነ ግን «አት»ን ጣይው፦ «ፈርስት» የፋሲል ግንብ፣ «ዜን» የኢያሱ። «አት ፈርስት የፋሲልን ግንብ እናያለን» ካልሽ፣ መሀል ላይ ሐሳብሽን ልትቀይሪ ነው ብለው ይጠብቁሻል።