«ሐበሻ ሳያየኝ የምሄድበት ስብሰባ የት አገኛለሁ?»

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። 41 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ጋራዥ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ሲጀመር ከሥራ መልስ ሁለት ቢራ ነበር። አሁን በየቀኑ ውስኪ ሆኗል። ጠዋት እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ትንሽ ካልቀመስኩ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኛል። ጸበል ተጠምቄ ሦስት ወር ቆይቼ ነበር። የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ላይ «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ብሶብኛል። መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ አለ ሲባል እሰማለሁ። እንዴት ነው የሚገኘው? እንግሊዝኛዬ ለሥራ ያህል ነው። ሐበሻ ካየኝ ደግሞ አለቀልኝ። እባክዎ ይርዱኝ።
ስሜ ይቆይ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ የሸሚዙ ቁልፍ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እኔም አውቀዋለሁ። ስለ ስብሰባው እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ እጅህ።

እጅህ ጠዋት የሚንቀጠቀጠው ሰውነትህ አልኮልን ስለለመደ ነው። ይህን አንብበህ ተነሳስተህ ዛሬውኑ ብቻህን እንዳታቆም። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን ሲሆነው ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ኃይለኛ ላብ ሊመጣበት ይችላል። ይሄ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ሐኪም ጋ ሂድ። በቀን ምን ያህል እንደምትጠጣ ሳትቀንስ ንገረው። የመጀመሪያዎቹን ክፉ ቀናት በመድኃኒት ያሳልፉሃል። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የት እንደምትሄድ ግራ ከገባህ 1-800-662-4357 ደውል። የፌዴራል መንግሥት መስመር ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ አይከፈልበትም። ከጣለህ ወይም ካቃዠህ ግን ባለቤትህ ወዲያው 911 ትደውል። አሁኑኑ ንገራት።

የሰማኸው ስብሰባ አልኮሊክስ አኖኒመስ ይባላል፣ ባጭሩ ኤኤ። በ1935 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኦሃዮ ውስጥ አክሮን በምትባል ከተማ ተጀመረ። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ አክሲዮን ደላላ መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ነበር። ለሥራ አክሮን ሄዶ ሥራው ከሸፈበት። ሆቴሉ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ባሩ ይጠራዋል። ወደ ስልኩ ሄደና ለቀሳውስት ይደውል ጀመር። የሚያወራው ሌላ ጠጪ ፍለጋ ነው። በመጨረሻ ያገናኙት ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል የከተማው ቀዶ ሐኪም ጋር ነው። አየህ፣ ጥያቄው ያንተው ጥያቄ ነው። ለእሱ ግን የሚሄድበት ስብሰባ ገና አልነበረም።

ላንተ አለ። ስልክህ ላይ «ሚቲንግ ጋይድ» የሚለውን የኤኤ አፕ አውርድ፣ ነጻ ነው። ቅርብህ ያሉትን ስብሰባዎች ከነአድራሻቸውና ከነሰዓታቸው ያወጣልሃል። «ኦፕን» የሚለው ለማንም ክፍት ነው። «ክሎዝድ» የሚለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ብቻ ነው። ላንተ ሁለቱም ይሆኑሃል። ማታ ስለምትሠራ የጠዋቱንና የቀትሩን ፈልግ። ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም። ቅርጫት ሲዞር ዝም ብለህ አሳልፈው።

ስለ ሐበሻው፣ ፍርሃትህ ይገባኛል። እኔ የመረጥኩት ከሰፈሬ ግማሽ ሰዓት የሚያስነዳ ቦታ ነው። እንደዚያም ሆኖ ሦስት ማክሰኞ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ሰዎች ሲገቡ አይቼ ተመለስኩ። በአራተኛው ገባሁ። አንዲት አሮጊት ቡና ቀዳችልኝ፣ ስኒውን እስከ ግማሽ ብቻ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው። እጄን አይታው ነው። በሁለተኛው ወር አንድ ሐበሻ በሩን ከፍቶ ገባ። አየኝና ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ። ከዚያ አጠገቤ ያለውን ወንበር ሳብኩለት። ይኸው 11 ዓመት ሆነን። ስሙን ለባለቤቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም፣ እሱም የእኔን። በዚህ ዓምድ ላይ ስሜን የማላወጣውም የኤኤ ደንብ አባላት በጋዜጣና በሬዲዮ ስማቸውን እንዳያወጡ ስለሚል ነው።

እንግሊዝኛው አያስጨንቅህ። ሰዎች ሲናገሩ «ስሜ እገሌ ነው፣ አልኮሊክ ነኝ» ብለው ይጀምራሉ። እኔን ይህች ዓረፍተ ነገር ወራት ፈጀችብኝ። በአማርኛ ለዚህ ያለን ቃል «ሰካራም» ነው። እሱ ደግሞ ስድብ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴን የሰፈር ሰው ሲጠራበት ነው የሰማሁት። አንተም ካልቻልክ አትበል። ተራህ ሲደርስ «አይ ዊል ፓስ» ትላለህ። ማንም ለምን አይልህም።

አዳራሹ ብዙ ጊዜ የሌላ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ይሆናል። ተከራይተውት ነው፣ ማንም ሃይማኖትህን አይነካም። ጸበልህንም የንስሐ አባትህንም አትተው። እኛ ጋ ስብሰባው ሲያልቅ እጅ ለእጅ ተያይዘን «አባታችን ሆይ» እንላለን። እነሱ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ። እኔ ዘግየት ብዬ ነው የምጨርሰው። እጄን ይዘው ይጠብቁኛል።

ለባለቤትህ ደግሞ አል-አኖን አለ። ከ1951 ጀምሮ ለጠጪ ቤተሰቦች የሚካሄድ የብቻቸው ስብሰባ ነው። ቁጣዋን የምታወርድበት ቦታ እሷም ያስፈልጋታል።

አሥር ደቂቃ ቀደም ብለህ ድረስ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣህ መሆኑን ካወቁ ስልክ ቁጥራቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰጡሃል። ቀጣዩ ክርስትና ላይ «በሞቴ» ስትባል ወጥተህ የምትደውለው እዚያ ቁጥር ላይ ነው። ወረቀቱን ወንበሩ ላይ ረስተኸው እንዳትወጣ።