ካውንቲው ለአዲሱ ፋብሪካ ቲፍ ሊፈቅድ ነው፤ የእኔ መብት ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው በደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ፣ አንድ የገጠር ካውንቲ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ሥጋ ፋብሪካ ይሠራል። እኔ የእንጀራና የቅመማ ቅመም ሱቅ አለኝ፤ ሱቁ ያለበትን ቤት ገዝተነዋል። ሰሞኑን ካውንቲው አንድ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ ለማምጣት ቲፍ የሚባል ነገር ሊያጸድቅ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ካርታው ላይ የእኛ ሱቅ መስመሩ ውስጥ ገብቷል። አንዳንዱ «የእኛን ታክስ ለሀብታም ሊሰጡት ነው» ይላል። ሌላው «ሥራ እየመጣ ነው፣ ዝም በሉ» ይላል። ታክሳችን ይጨምራል ወይ? ሱቃችንን ሊወስዱብን ይችላሉ? ዜግነት የለኝም፤ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ስብሰባው ላይ መናገር እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ቀን የሚያልፍበት እሱ ነውና። አዎ፣ መናገር ይችላሉ። በሚኒሶታ ሕግ ቲፍ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ክፍት የሆነ ስብሰባ መደረግ አለበት። ማስታወቂያውም ከስብሰባው ቢያንስ 10 ቀን፣ ቢበዛ 30 ቀን ቀድሞ ጋዜጣ ላይ መውጣት አለበት። ስለዚህ ያለዎት ጊዜ አጭር ነው። ሕጉ ለመናገር የቆመን ሰው ዜግነት አይጠይቅም። ካውንቲውን የሚመሩትን ኮሚሽነሮች ለመምረጥ ዜግነት ያስፈልጋል፤ ፊታቸው ቆሞ ለመናገር ግን አያስፈልግም። እንግሊዝኛው የሚከብድዎ ከሆነ ለካውንቲው ቢሮ ዛሬውኑ ደውለው አስተርጓሚ ይጠይቁ። ሐሳብዎን በጽሑፍም ያስገቡ። በቃል የተባለ ይረሳል፤ በጽሑፍ የገባ መዝገብ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቲፍ፣ በሙሉ ስሙ ታክስ ኢንክሪመንት ፋይናንሲንግ፣ አሠራሩ እንዲህ ነው። በተከለለው ቦታ ላይ ያለው የዛሬው የታክስ ግምት፣ ማለትም ንብረቱ ለታክስ የተተመነበት ዋጋ፣ ባለበት እንዲቆም ይደረጋል። ከዚያ ግምት የሚገኘው ታክስ እንደ ድሮው ለካውንቲው፣ ለከተማው እና ለትምህርት ቤቱ ይከፋፈላል። ፋብሪካው ተሠርቶ ግምቱ ሲያድግ ግን፣ ከጭማሪው የሚመጣው ታክስ ለብቻው ወደ አንድ ቋት ይገባል። ቋቱ ለመሬት፣ ለውሃ መስመር፣ ለመንገድና ለመሳሰለው የፕሮጀክቱ ወጪ ይውላል።

በቁጥር እንየው። እንበልና ባዶው መሬት በዓመት 3,000 ዶላር ይከፍል ነበር። ፋብሪካው ሲቆም 83,000 ሆነ። ልዩነቱ 80,000 ዶላር ነው። የሚኒሶታ ሕግ ሥራ ለመፍጠር ተብሎ ለሚቋቋም ቲፍ የሚፈቅደው፣ የመጀመሪያው ጭማሪ ከተሰበሰበ በኋላ 8 ዓመት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ስንጨምር 9 ዓመት ይሆናል። ስለዚህ ቋቱ የሚሰበስበው 720,000 ዶላር ነው። ፋብሪካው 40 ሰው ከቀጠረ፣ ለአንድ ሥራ 18,000 ዶላር ወጣ ማለት ነው። ይህ የእኔ ምሳሌ ነው። የእርስዎን ካውንቲ ቁጥሮች ዕቅዱ ላይ ያገኟቸዋል፤ ዕቅዱ የሕዝብ ሰነድ ስለሆነ ቢሮው ሄደው ኮፒ መጠየቅ መብትዎ ነው። ከዚያ ካልኩሌተር ይዘው ይቀመጡ።

«የእኛን ታክስ ለሀብታም ሊሰጡት ነው» የሚለው እንግዲህ እውነት ነው? እንደ ሁኔታው ነው። ፋብሪካው ሌላ ቦታ ሊሄድ የነበረ ከሆነ፣ ያ 80,000 ዶላር ያለ ቲፍ ጭራሽ አይኖርም ነበር፤ ማንም የተወሰደበት ነገር የለም። ፋብሪካው ቲፍ ኖረም አልኖረም መምጣቱ የማይቀር ከሆነ ግን፣ ለትምህርት ቤትና ለመንገድ መዋል የነበረበት ገንዘብ ለ9 ዓመት ተመልሶ ለፋብሪካው ለራሱ ወጪ ዋለ ማለት ነው። የሚጎድለውን ደግሞ ሌላው ታክስ ከፋይ ይሸፍናል፤ የእርስዎ ሱቅና የጎረቤትዎ የበቆሎ እርሻ ጭምር።

ሕጉም ክብደቱን የጣለው እዚሁ ላይ ነው። ቲፉን የሚያጸድቀው አካል «ይህ እርዳታ ባይኖር ፋብሪካው በግል ገንዘብ ብቻ በቅርብ ጊዜ ይሠራል ተብሎ አይጠበቅም» ብሎ መወሰን አለበት። ይህም ብቻ አይበቃም። ያለ ቲፍ በቦታው ላይ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቀው የዋጋ ዕድገት፣ ፋብሪካው ከሚያመጣው ዕድገት ላይ የእርዳታው ዋጋ ተቀንሶ ከሚቀረው ማነስ አለበት። ውሳኔውም ከነምክንያቱና ከነማስረጃው በጽሑፍ መስፈር አለበት። ብዙ ጊዜ ግን የሚጻፈው «ኩባንያው ያለ እርዳታው እንደማይመጣ ገልጾልናል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ገንዘቡን የሚቀበለው ወገን ቃል ብቻውን ለእኔ በቂ ማስረጃ አይደለም። ስብሰባው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ የመጠየቅ ዕድል ቢያገኙ ይህን ይጠይቁ፦ «ያለ ቲፍ እንደማይመጣ በምን አረጋገጣችሁ? የኩባንያውን ሒሳብ ያየ ገለልተኛ ባለሙያ አለ ወይ?»

ወደ እርስዎ ታክስ እንመለስ። የሱቁ የታክስ ሂሳብ በቲፉ ምክንያት በቀጥታ አይጨምርም፤ መስመሩ ውስጥ ቢሆንም እንኳ። እንደማንኛውም ሰው በግምቱና በታክስ መጠኑ ይከፍላሉ። የሚለወጠው ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ ነው። ሱቅዎ መስመሩ ውስጥ ካለ፣ ከዛሬ በኋላ ግምቱ ሲያድግ በጭማሪው ላይ የሚከፍሉት ታክስም ወደ ቋቱ ይገባል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር በደንብ ይዩልኝ። ማስታወቂያው ላይ ሁለት ካርታ ሊኖር ይችላል። አንደኛው ጭማሪው የሚሰበሰብበት ክልል ነው፤ ሁለተኛው ገንዘቡ ሊወጣበት የሚችለው ሰፋ ያለው የፕሮጀክት ክልል ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ሱቅዎ ያለው ሁለተኛው ውስጥ ብቻ ከሆነ ከታክስዎ ወደ ቋቱ የሚገባ ነገር የለም፤ እንዲያውም የሱቅዎ ፊት ለፊት መንገድ በዚያ ገንዘብ ሊሠራ ይችላል። የመጀመሪያው ውስጥ ከሆነ፣ ለምን እንደገባ መጠየቅና እንዲወጣ ማመልከት ይችላሉ።

ትምህርት ቤቱስ? ሚኒሶታ ከብዙ ስቴቶች የተሻለች ናት። ለተማሪ የሚመደበው ዋናው ገንዘብ ከስቴቱ ስለሚመጣ፣ የአዲስ ሠራተኞች ልጆች ሲመዘገቡ አብሮ ይመጣል። ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ የሚያጸድቀው የትምህርት ቤት የሥራ ማስኬጃ ታክስም ወደ ቲፍ ቋት አይገባም። ችግሩ ሕንፃ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ለማስፋት የተበደሩት ዕዳ ሲከፈል፣ ቲፍ ውስጥ የታሰረው የፋብሪካው ግምት ሸክሙን ለመካፈል አይቆጠርም። በኖብልስ ካውንቲ፣ ዎርዚንግተን የሆነውን ያስታውሱ ይሆናል። ስደተኛ ሠራተኞች ከነልጆቻቸው መጥተው ክፍሎቹ ሞሉ። የሕንፃ ብድሩ ግን ከ2013 ጀምሮ ለድምፅ እየቀረበ ደጋግሞ ወድቆ፣ የጸደቀው በኖቬምበር 2019 ነው። ያ ክርክር በቲፍ የመጣ አልነበረም። ሆኖም አዲስ ሥራ አዲስ ቤተሰብ፣ አዲስ ቤተሰብ ደግሞ አዲስ ክፍል እንደሚፈልግ ያሳያል። ሕጉ ዕቅዱ ከስብሰባው 30 ቀን በፊት ለካውንቲው ኦዲተርና ለስኩል ቦርዱ እንዲደርስ ያዛል። ስኩል ቦርዱ ምን መልስ እንደሰጠ ይጠይቁ። ምንም መልስ ካልሰጠ ደግሞ ለምን ብለው እነሱን ይጠይቁ።

የሱቁ ነገር ምናልባት እንቅልፍ የነሳዎ እሱ ነው። ካርታ ላይ መስመር ሲሰመር «ልንነሣ ነው» ብሎ መስጋት ከአገር ቤት ለመጣ ሰው አዲስ አይደለም። እዚህም ቢሆን ስጋቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። በ2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በኮነቲከት የኒው ለንደን ጉዳይ፣ ከተማው ለኢኮኖሚ ልማት ብሎ የሰዎችን ቤት በካሣ መውሰድ ይችላል ብሎ 5 ለ 4 ወሰነ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ብዙ ስቴቶች ሕጋቸውን ቀየሩ። ሚኒሶታም በ2006 ቀየረች። አሁን የታክስ ገቢ ማደግ ወይም የሥራ ዕድል ብቻውን ንብረት ለመውሰድ ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ ለሥራ ዕድል ወይም ለታክስ ገቢ ብቻ ብለው ሱቅዎን ወስደው ለፋብሪካው ሊሰጡት አይችሉም። ለመንገድ ማስፋፊያ ዓይነት ትክክለኛ የሕዝብ ጥቅም ግን አሁንም መውሰድ ይቻላል። ያ ቢመጣ ካሣው የሕንፃውን ዋጋ ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ደንበኛ የለመደው ሱቅ ሲፈርስ ለሚጠፋው ንግድም ካሣ መጠየቅ የሚያስችል ድንጋጌ አለ። ማንም መጥቶ «ቶሎ ፈርሙ፣ አለዚያ ይወሰዳል» ቢልዎ አይፈርሙ። መጀመሪያ ጠበቃ ያናግሩ።

«ሥራ እየመጣ ነው፣ ዝም በሉ» ለሚሉት ደግሞ መልስ አለኝ። ሥራ እንዲመጣ እኔም እፈልጋለሁ። የገጠር ካውንቲ ወጣቱ እየሄደበት፣ ሱቆቹ እየተዘጉበት ሲሄድ አይቶ ዝም የሚል የለም። ግን ሥራው ስንት ነው? በሰዓት ስንት ይከፍላል? ኢንሹራንስ አለው? ይህን መጠየቅ ጠላትነት አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ይጠይቃል። ሚኒሶታ የቢዝነስ ድጎማ ሕግ የሚባል አላት። እርዳታው 150,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ውል መፈረም አለበት። በውሉ ላይ የሚፈጠረው ሥራ ብዛትና የደመወዙ ግብ በግልጽ ይጻፋል፤ ግቡ በ2 ዓመት ውስጥ መድረስ አለበት። ኩባንያው ቢያንስ 5 ዓመት እዚያው መሥራት አለበት። ግቡን ካልመታ ገንዘቡን ከነወለዱ ይመልሳል፤ በከፊል ከመታ ደግሞ የሚመልሰው በዚያው ልክ ሊቀነስለት ይችላል። ከዚህ ሕግ ነፃ የሆኑ የእርዳታ ዓይነቶች አሉና «ይህ ስምምነት በድጎማ ሕጉ ውስጥ ነው ወይስ ነፃ ነው የሚባለው?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ነፃ ነው ካሉ በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ ይንገሩዎት።

ውሉን ሲያነቡ የደመወዙን መስመር ይፈልጉ። «ተወዳዳሪ ደመወዝ ይከፍላል» የሚል ከሆነ ባዶ ነው። ቁጥር መኖር አለበት። ባለቤትዎ ዛሬ በሰዓት የሚያገኘውን ያውቁታል። አዲሱ ፋብሪካ ከዚያ በታች ከፍሎ ሠራተኛ የሚሻማ ከሆነ ካውንቲው በሕዝብ ገንዘብ ምን እየገዛ ነው?

ሌላው የማየው ነገር ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚሰጥ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ካውንቲው ቦንድ ሸጦ ይበደርና አስቀድሞ ያወጣል። ፋብሪካው ከተዘጋ ወይም ግምቱ ከወረደ ዕዳው የካውንቲው ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ነው በእውነት ታክስዎ የሚጨምረው። ሁለተኛው፣ ኩባንያው ራሱ ከኪሱ አውጥቶ ይሠራል፤ ታክሱን በከፈለ ቁጥር ከጭማሪው እየታሰበ ይመለስለታል። ታክስ ካልከፈለ ምንም አያገኝም። በእኔ እምነት ሕዝቧ ጥቂት የሆነ ካውንቲ ከሁለተኛው መንገድ መውጣት የለባትም። አንድ ፋብሪካ ሲወድቅ ሸክሙን የሚካፈለው ሰው በጣም ትንሽ ነው።

አንድ ተጨማሪ ሐሳብ ይዘው ቢሄዱ ደስ ይለኛል። በእነዚህ ካውንቲዎች ቀጣሪ የሚጠፋው በታክስ ብቻ አይደለም። ሠራተኛው የሚከራየው ቤት የለም። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ተጠጋግቶ እንደሚኖር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ሕጉ ለቤት የሚሆን የቲፍ ዓይነትም አለው፤ ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን በታች ለሆኑ ቤተሰቦች የሚሠራ ሲሆን ከመጀመሪያው ጭማሪ በኋላ እስከ 25 ዓመት ይፈቀድለታል። ለፋብሪካው ደግሞ የታክስ ቅነሳ የሚባል ሌላ መንገድ አለ። በዚያኛው ካውንቲው፣ ከተማው እና ስኩል ቦርዱ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ድርሻ ለመተው ወይም ላለመተው ይወስናሉ። በቲፍ ግን ስኩል ቦርዱ አስተያየት ይሰጣል እንጂ ድርሻውን የማስቀረት መብት የለውም። «ሁለቱን አወዳድራችኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቲፉ ከጸደቀ በኋላም በሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ካውንቲው በየዓመቱ ለስቴት ኦዲተር ሪፖርት ያቀርባል፤ ያንን ማየት ይችላሉ። የድጎማ ሕጉ ከተጣሰ ደግሞ የአካባቢው ነዋሪ ወይም ታክስ የሚከፈልበት ንብረት ባለቤት የሆነ ሰው ለካውንቲው በጽሑፍ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ይህን አቤቱታ ሳያስገቡ ክስ መመሥረት አይቻልም። እርስዎ ነዋሪም ባለንብረትም ነዎት።

ይህ መልስ ባነበብኩት ደብዳቤ ላይ የተመሠረተ አጠቃላይ ምክር ነው። ማስታወቂያውን ከነካርታዎቹ፣ የዕቅዱን ኮፒ እና የውሉን ረቂቅ ይዘው ከስብሰባው በፊት አካባቢዎ ያለ ጠበቃ ጋ ይሂዱ። የጠበቃ ወጪው ከከበደዎ መስመሩ ውስጥ የገቡትን ሌሎች ባለሱቆች ያነጋግሩና አብራችሁ አዋጡ፤ ጉዳዩ የሁላችሁም ነው።