በጾም ቀን የለንደን ሻይ፣ የመረረ በራድና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በእንግሊዝ ሆቴሎችና ሻይ ቤቶች ስለሚቀርበው የከሰዓት ሻይ ናቸው። ቀጫጭን ሳንድዊች፣ ስኮን የሚባል ትንሽ ክብ ዳቦና ትናንሽ ኬኮች በሦስት ደረጃ ሳህን ተደርድረው ከበራድ ሻይ ጋር የሚቀርቡበት ማዕድ ማለት ነው። ሰዓቶቹን የጻፍናቸው በእኛ አቆጣጠር ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። አንድ ጥሩ ሆቴል ወስጄ ሻይ ልጋብዛት አስቤ ነበር። ግን ፍልሰታ ነው፤ እሷ ደግሞ ጾም አትሽርም። ሐሳቤን ልተወው? (ከለንደን)

አይተዉት። የጾሙ ሰዓት እንዲያውም ያግዝዎታል። እናትዎ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ፣ የ9፡30 ወይም የ10 ሰዓቱ ዙር ልክ ይሆንላቸዋል። ብቻ የሆቴሉ ማረጋገጫ በእነሱ አቆጣጠር “3፡30” ብሎ ስለሚመጣ፣ ለእሳቸው ሲነግሯቸው ወደ እኛ ሰዓት መልሰው ይንገሯቸው።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው ቦታ ሲይዙ በሚጽፉት አንድ ቃል ነው። “ቪገን” ብለው ይጻፉ፤ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ሁሉ የሌለበት ማለት ነው። “ቬጀቴሪያን” ካሉ የሚቀረው ሥጋና ዓሣ ብቻ ነው፤ እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ አይቡና ክሬሙ እንዳለ ይመጣል። “ከወተት ነፃ” ካሉ ደግሞ እንቁላሉ አይቀርም። ትልልቆቹ ሆቴሎች ሙሉ የቪገን ማዕድ ያዘጋጃሉ፤ ግን ኬኩ ለብቻው የሚሠራ ስለሆነ ብዙዎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አስቀድሞ እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ። ዕለቱን ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚያስገኘው አንድ ሳህን ፍራፍሬ ነው፤ ለዚያ ዋጋ ያሳዝናል። ኢንተርኔት ላይ ሲመዘግቡ ስለ አለርጂና ስለ ምግብ ምርጫ የሚጠይቀው ቦታ ላይ ለስንት ሰው እንደሆነ ጭምር ይጻፉ፤ ከዚያ ከሁለት ቀን በፊት ደውለው መመዝገቡን ያረጋግጡ።

እርስዎ የማይጾሙ ከሆነ፣ የሁለታችሁ ምግብ በተለያየ ሳህን እንዲቀርብ ይጠይቁ። የኪያር ሳንድዊቹ ለምሳሌ የጾም ይመስላል፤ ኪያር ብቻ ነው የሚታየው። ነገር ግን የኪያሩ ውኃ ዳቦውን እንዳያርሰው ከሥሩ ቅቤ ይቀባል። ስኮኑም እንደዚሁ ነው። አናቱ ላይ የሚያብረቀርቀው ቡናማ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ምድጃ ከመግባቱ በፊት የተቀባ እንቁላል ነው፤ የጾሙ ስኮን ደብዘዝ ይላል። ማር በቪገን ማዕድ ውስጥ አይገባም፤ በእኛ ጾም ግን ስለማይከለከል፣ እናትዎ ሻያቸውን በማር ከወደዱ አስተናጋጁን ለብቻው መጠየቅ ይቻላል።

ስለ ሻዩ ደግሞ፦ ቀረፋና ቅርንፉድ ለለመደ ሰው ኧርል ግሬይ አያዝዙ። ቤርጋሞት ከሚባል የብርቱካን ዘመድ በሚገኝ ዘይት የተቀመመ ስለሆነ፣ ለብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ ሽቶ ሽቶ ይላል። አሳም ወይም ሲሎን ይዘዙላቸው፤ ጠቆር ያለ፣ ስኳር የሚችል ሻይ ነው።

እዚህ ያሉት ሆቴሎች ማስታወቂያቸው ላይ “ሃይ ቲ” ይላሉ። “አፍተርኑን ቲ” ከሚባለው ይለያል? (ከዱባይ)

ሆቴሎቹ የሚሸጡት ያንኑ የከሰዓት ሻይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን “ሃይ ቲ” የሠራተኛው ቤተሰብ ከሥራ መልስ፣ በመመገቢያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚበላው ትኩስ ራት ነበር። የከሰዓት ሻይ በፈረንጆች 1840 አካባቢ ከሰባተኛው የቤድፎርድ መስፍን ሚስት ከአና ስም ጋር ተያይዞ የሚነገር የመኳንንት ልማድ ነው፤ ምሳና ራት በጣም ሲራራቁ መሐል ላይ የገባ መክሰስ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለንደን ውስጥ ቦታ ሲይዙ “አፍተርኑን ቲ” ይበሉ።

የመጀመሪያው ሲኒ ጥሩ ነበር፤ ሁለተኛውን ስቀዳ እንደ ኮሶ መረረኝ። ውድ ሆቴል ውስጥ እንዴት እንዲህ ይሆናል? (ከበርሚንግሃም)

ቅጠሉ በራዱ ውስጥ ስለቀረ ነው። አንዳንድ ሆቴሎች ሻዩን ጓዳ ውስጥ አዘጋጅተው፣ አጥልለው ያመጡታል። ሌሎቹ ቅጠሉን ከነውኃው በበራድ አቅርበው ማጥለያውን ሲኒው ላይ ያስቀምጡልዎታል። እርስዎ ሳንድዊቹን ሲበሉ ቅጠሉ ሥራውን አላቆመም። መጀመሪያ ሽታውንና ጣዕሙን ይሰጣል፤ ሲቆይ ምላስ የሚያደርቀው ታኒን እየበዛ ይሄዳል።

እኛ አገር የለመድነው የውሽውሽ ዓይነት ደቃቅ ሻይ ቶሎ ቀለም ይሰጣል፤ ወዲያው አጥልለን ስለምንቀዳው ይህ ችግር ብዙም አይታየንም። ሆቴል የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ያልተፈጨ ቅጠል ነው፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ከረሱት ግን ይከፋል። አሳምና ሲሎን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ ዳርጂሊንግ 3 ደቂቃ ያህል ይበቃቸዋል። አረንጓዴ ሻይ የፈላ ውኃ አይወድም፤ 80 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውኃ 2 ደቂቃ በቂ ነው። ካሞሚልና ናና ግን የሻይ ቅጠል ስላልሆኑ ቢቆዩም እንዲህ አይመሩም።

በራዱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት “ቅጠሉ ውስጥ አለ?” ብለው ነው። ካለ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ለሁሉም ሲኒ በአንዴ ይቅዱና በራዱን ባዶ ያድርጉት፤ ወይም አስተናጋጁ አጥልሎ በሌላ በራድ እንዲያመጣ ያድርጉ። የፈላ ውኃም ለብቻው በማሰሮ ይጠይቁ፣ በነፃ ነው። አንዴ የመረረውን ውኃ ሲጨምሩበት ቀለሙ ይሳሳል እንጂ ማድረቁ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ወተት ግን ይረዳል፤ የወተቱ ፕሮቲን ታኒኑን ይይዘዋል። ከሁሉ የሚሻለው አዲስ በራድ መጠየቅ ነው። በአብዛኞቹ ትልልቅ ሆቴሎች ሻዩን ማስደገም፣ ዓይነቱን መቀየርም ቢሆን በዋጋው ውስጥ ስለተካተተ አይፈሩ። ወተትና ሎሚ ግን አንድ ሲኒ ውስጥ አያገናኙ፤ ወተቱ ይቆራረጣል።

ስኮን ላይ ማርማላታው ነው ክሬሙ የሚቀድመው? ስቆርጠውስ ለምን ይፈረፈርብኛል? (ከሊድስ)

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ካሉት ሁለት አውራጃዎች፣ ኮርንዎል ማርማላታ ያስቀድማሉ፣ ዴቨን ክሬም። ሁለቱም ትክክል ነው፤ ግን ስኮኑ ትኩስ ከሆነ ማርማላታውን ማስቀደም ይሻላል፣ ክሬሙ አይቀልጥም። ክሎትድ ክሬም የሚባለው ተራ ክሬም አይደለም። በዝግታ ሞቆ፣ ቀዝቅዞ፣ ላዩ ላይ ወርቃማ ቅርፊት የሠራ ሲሆን የኮርንዎሉ ቢያንስ 55 በመቶ ስብ አለው፤ ከክሬም ይልቅ ወደ ለጋ ቅቤ ያደላል።

ቢላዋ አያስገቡበት። በደንብ የነፋ ስኮን ወገቡ ላይ ዙሪያውን የተሰነጠቀ መስመር አለው። በሁለት እጅ እዚያ ላይ ይዘው ቀስ ብለው ሲያጣምሙት ለሁለት ይከፈላል፤ ውስጡ ሸካራ ስለሆነ ማርማላታውን ይይዛል። ከዚያ ለአንድ ጉርሻ የሚሆነውን ብቻ እየቀቡ ይብሉ፤ ሁለቱን ግማሾች እንደ ሳንድዊች መልሰው አይግጠሙ። ወገቡ ላይ ስንጥቅ የሌለው፣ ድርቅ ያለ ስኮን ሊጡ ከመጠን በላይ የታሸ ወይም ጠዋት ተጋግሮ የቆየ ነው። እንዲያሞቁልዎ ወይም እንዲቀይሩልዎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሙስሊም ነኝ። ከአሳማ ሥጋው ሳንድዊች ሌላ ምን ልጠንቀቅ? (ከማንቸስተር)

ኬኮቹ ካሉበት ከላይኛው ሳህን ይጠንቀቁ። ሙስ የሚባለው አረፋ መሰል ጣፋጭ፣ ጄሊና ማርሽማሎ ብዙውን ጊዜ የሚረጉት በጄላቲን ነው፤ ጄላቲኑ ከአሳማ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ኬክ ሮም ወይም ሌላ አልኮል የጠጣ ነው፤ ቀምሰው ሳይሆን ጠይቀው ነው የሚለዩት። ዶሮው ሐላል መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካልሆነ በእንቁላሉ እንዲተኩልዎ ያድርጉ። እንቁላሉ ውስጥ የሚገባው አረንጓዴ ቡቃያ፣ እኛ ፍሬውን ለመድኃኒት የምናውቀው ፌጦ ነው። ሻምፓኝ የሌለበትን ማዕድ መምረጥም አይርሱ፤ ርካሹም እሱ ነው።

ምን ልልበስ? ሒሳቡስ ከተጻፈው ዋጋ ለምን ይበልጣል? (ከለንደን)

እንደ ቤቱ ነው። ፒካዲሊ የሚገኘው ሪትዝ ለወንድ ኮት ግዴታ ነው፤ ከረባትም ይዘው ይሂዱ፣ ጂንስና ስኒከር አይቻልም። ሌሎቹ ብዙዎቹ ንጹሕና ሥርዓት ያለው ልብስ ይበቃቸዋል። ዋጋው ከከበደዎት ሙሉውን ማዕድ ትተው “ክሪም ቲ” ይዘዙ፤ ስኮን፣ ማርማላታ፣ ክሬምና ሻይ ብቻ ነው፤ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም መግቢያው በነፃ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተሠሩት ያማሩ የምግብ አዳራሾቹ ስኮንና ሻይ ያገኛሉ።

ሒሳቡ ላይ የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ነው። “ዲስክሬሽነሪ” ከተባለ በፈቃድዎ የሚከፈል ነው ማለት ነው፤ አገልግሎቱ ካላረካዎት እንዲነሣ መጠየቅ ይችላሉ። ከፈረንጆች ጥቅምት 2024 ጀምሮ ቤቱ ይህን ገንዘብ ሳይቀንስ ለሠራተኞቹ እንዲያከፋፍል ሕጉ ያስገድደዋል። ስለዚህ የካርድ ማሽኑ ጉርሻ ይጨምሩ እንደሆን ሲጠይቅዎት፣ ከመንካትዎ በፊት ደረሰኙ ላይ ቀድሞ የተደመረ መኖሩን ይመልከቱ። የተረፈውን ኬክ በካርቶን እንዲያደርጉልዎ ይጠይቁ፤ ሳንድዊቹን ግን ብዙ ቤቶች ቶሎ ስለሚበላሽ አይሰጡም፣ ስለዚህ ከእሱ ይጀምሩ።