የገዥ ጭካኔ የውጭ ጦር ለማስገባት ይበቃልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ከጉባኤ በኋላ ክርክር ተነሥቶ ሳንስማማ ተለያየን። ሕዝቡን የሚገድልና የሚያሰቃይ አምባገነን ሲነሣ የውጭ ኃይል ጦር አዝምቶ እንዲጥለው መመኘትና መደገፍ ለክርስቲያን ይገባዋልን? ከፊሎቻችን «ወደ ሞት የሚነዱትን አድን» (ምሳ. 24፥11) የሚለውን ጠቀሱ። ሌሎቹ ሮሜ 13ን አንሥተው «ሥልጣን ከእግዚአብሔር ነው፤ የሌላ አገር ጉዳይ አይመለከተንም» አሉ። እንዲህ ባለው ጦርነት የተዋጋ ወታደርስ ወደ ቅዱስ ቍርባን ለመቅረብ ምን ማድረግ አለበት?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። በአጭሩ፣ ግፉ መነሻ ምክንያት ይሆናል፤ ብቻውን ግን ፈቃድ አይሆንም። የገዥው ክፋት የሚመልሰው «ይህ ሰው መቆም አለበት ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። ማን ያስቁመው፣ መቼ፣ በምን መንገድ፣ ከዚያ በኋላስ ሕዝቡን ማን ይጠብቀው ለሚሉት መልስ የለውም። ክርክራችሁ ያልተቋጨው ሁለቱም ወገን እዚያው የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ስለቆመ ይመስለኛል።

ሮሜ 13ን ያነሡት ቁጥር 1 ላይ ማንበብ አቁመዋል። ቁጥር 4 ላይ ሐዋርያው ባለ ሥልጣን ሰይፍ የታጠቀው ለምን እንደሆነ ይናገራል፤ ለመልካም ነገር የእግዚአብሔር አገልጋይ ሆኖ ክፉ አድራጊውን ሊቀጣ ነው። ሰይፉን በንጹሐን ላይ ያዞረ ገዥ የተሾመበትን ሥራ ትቷል። «የሌላ አገር ጉዳይ» የሚለውም በነቢዩ አሞጽ ፊት አይቆምም። በምዕራፍ 1 እና 2 እግዚአብሔር ደማስቆን፣ ጋዛን፣ ጢሮስን፣ ኤዶምን፣ አሞንንና ሞአብን ይከስሳል፤ ኦሪት ያልተሰጣቸው አሕዛብ ናቸው። አሞን የተከሰሰው ዳርቻውን ለማስፋት የእርጉዞችን ሆድ በመቅደዱ ነው (1፥13)። ሞአብ ደግሞ የኤዶምን ንጉሥ አጥንት በማቃጠሉ (2፥1)፤ እዚህ ላይ የተበደለው እስራኤል እንኳ አይደለም።

ይሁን እንጂ እግዚአብሔር ስለሚፈርድ ጎረቤት ንጉሥ ሁሉ ፈራጅ ሆኖ ተሾመ ማለት አይደለም። ምሳሌ 24ን የጠቀሱት ኢሳይያስ 10፥5-15ን አብረው ያንብቡ። አሦር የእግዚአብሔር የቍጣው በትር ተባለ፤ እግዚአብሔርም ተጠቀመበት። ንጉሡ በልቡ ያሰበው ግን ፍትሕን ሳይሆን አሕዛብን ማጥፋትና መበዝበዝን ነበርና እርሱም ተፈረደበት። የክፉው መውደቅ የጣዩን እጅ አያነጻም።

ሰውን ለማዳን ለሚደረግ ዘመቻ በመጽሐፍ ቅዱስ የጠራ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ዘፍጥረት 14ን እዩ። አብርሃም የተነሣው ሎጥ ተማርኮ እየተወሰደ ሳለ ነው፤ የቆየ ቂም ሊያወራርድ አልወጣም። 318 የሠለጠኑ ሰዎች ይዞ፣ ከአውናን፣ ከኤስኮልና ከመምሬ ጋር ሄደ። ምርኮኞቹን አስመለሰና ተመለሰ፤ የሰዶምን ዙፋን አልተቀመጠበትም። ምርኮውን ውሰድ ሲባልም፣ ብላቴኖቹ ከበሉትና ከባልንጀሮቹ ድርሻ በቀር፣ ፈትል ወይም የጫማ ማዘቢያ እንኳ እንደማይወስድ ማለ (14፥23-24)። በዘመናችን አንድን ዘመቻ ስትመዝኑ ይህን ቁጥር ያዙ። ነዳጁን፣ ወደቡንና የጦር ሰፈሩን ማን ወሰደው ብላችሁ ጠይቁ።

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ደግሞ ጥያቄያችሁን ፊት ለፊት የሚነካ የንጉሥ ካሌብ ዘመቻ አለ። በ523 ዓ.ም. ገደማ (ይህና ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእኛ መጻሕፍት ፊንሐስ የሚባለው የሒምያር (በዛሬዋ የመን የነበረ መንግሥት) ንጉሥ ዙ ኑዋስ የናግራንን ክርስቲያኖች ፈጀ። ካሌብ በ525 ገደማ ባሕር ተሻግሮ ድል ነሣው። ሰባኪዎች ብዙውን ጊዜ ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጉታል፤ ለእናንተ ክርክር የሚጠቅመው ግን ቀጣዩ ክፍል ነው። ካሌብ የአገሩን ተወላጅ ክርስቲያን ሱምያፋ አሽዋዕን አንግሦ፣ ከሠራዊቱ ከፊሉን ትቶ ተመለሰ። የቀሩት ወታደሮች አብርሃ ከሚባል ሰው ጋር አምፀው የተሾመውን ንጉሥ አወረዱት። ካሌብ ሊቀጣቸው ሁለት ጊዜ ጦር ላከ፤ አንደኛው ከዓመፀኞቹ ጋር ተደባለቀ፣ ሁለተኛው ተሸነፈ። በዘመቻው ውስጥ የቀይ ባሕር ንግድ ጥቅም እንደነበረበት የታሪክ ሊቃውንት ያነሣሉ፤ መደበቅ አያስፈልገንም። ምክንያቱ እውነተኛ የነበረ፣ መሪውም ከቅዱሳን የተቈጠረ ዘመቻ እንኳ ከድሉ ማግስት ከእጅ ወጥቷል። ካሌብ በመጨረሻ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ መነኰሰ።

አሁን ወደ መመዘኛዎቹ እንግባ፤ ከሁሉ በላይ የሚረሳው ጊዜ ነው። ማዳን የሚባለው ግድያው እየተፈጸመ ወይም ሊጀመር ሲል ነው። ካለፈ በኋላ የሚመጣው ጦር ቅጣት እንጂ ማዳን አይደለም፤ የቅጣት ቦታው ደግሞ ፍርድ ቤት ነው። የኢራቁ ገዥ ሳዳም ሁሴን በመጋቢት 1988 በኩርዶች ከተማ በሐላብጃ በመርዝ ጋዝ 5,000 ያህል ሰው ሲፈጅ እነርሱን ለማዳን ብሎ ማንም ጦር አላነሣበትም። በ2003 ሲወረር ያ ግፍ እንደ ማስረጃ ተጠቀሰ፤ 15 ዓመት አልፎት ነበር። በዚያ ዓመት እንደ ሐላብጃ ያለ እልቂት እየተካሄደ አልነበረም፤ ዋና ምክንያት ተብሎ የቀረበው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችትም አልተገኘም። የሩዋንዳው ተቃራኒ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ 1994፣ በ100 ቀን ገደማ፣ 800,000 ያህል ሰው ታረደ። እልቂቱ ሲጀመር 2,500 ያህል የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች እዚያው ነበሩ፤ የጸጥታው ምክር ቤት ግን ሚያዝያ 21 ቀን ቁጥሩ ወደ 270 እንዲወርድ ወሰነ። ምሳሌ 24፥11 በቀጥታ የሚወቅሰው ይህን ነው። በእኔ ፍርድ የኢራቁ ወረራ መደረግ አልነበረበትም፤ በሩዋንዳ ኃጢአቱ አለመግባት ነበር። ሁለቱን በአንድ ቃል «ጣልቃ ገብነት» ብሎ መደገፍ ወይም መቃወም ስንፍና ነው።

ቀጥሎ ሰይፉን የሚመዘው ማን ነው? የ1945ቱ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በአንቀጽ 2(4) በሌላ አገር ላይ ኃይል መጠቀምን ይከለክላል። የተተወው በር ሁለት ነው፤ በአንቀጽ 51 ራስን መከላከልና በምዕራፍ 7 የጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ። በ2005 መንግሥታት ሕዝብን የመጠበቅ ኃላፊነትን ሲቀበሉ አራት ወንጀሎችን ብቻ ጠቀሱ፦ የዘር ማጥፋት፣ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጽዳትና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል። የምርጫ ማጭበርበር፣ ሙስና ወይም ጋዜጠኛ ማሰር፣ ክፉ ቢሆኑም፣ በዚያ ዝርዝር የሉም። የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሕግም በአንቀጽ 4(ሸ) ኅብረቱ በጉባኤው ውሳኔ በጦር ወንጀል፣ በዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ በሚፈጸም ወንጀል ጊዜ ጣልቃ እንዲገባ ይፈቅዳል። የሚፈቅደው ለኅብረቱ ነው፤ አንድ ጎረቤት በራሱ ተነሥቶ እንዲገባ አይደለም። አንድ ቋሚ አባል ብቻውን ውሳኔን በሚሽርበት ሥልጣን (ቪቶ) ምክር ቤቱ ታስሮ ሲቀርስ? እዚህ ላይ ሕግና ኅሊና ይጋጫሉ። የምዕራባውያን የጦር ኅብረት ኔቶ በ1999፣ ዩጎዝላቪያ በኮሶቮ ግዛቷ የምትፈጽመውን ግፍ ለማስቆም ብሎ፣ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ 78 ቀን ከአየር ደበደባት፤ በኋላ ጉዳዩን የመረመረ ገለልተኛ ኮሚሽን በኮሶቮ የተደረገውን ከሕግ ውጭ ቢሆንም ተገቢነት ያለው ብሎ ፈረደ። ይህን ፍርድ የምትቀበሉ ከሆነ በር እንደምትከፍቱ እወቁ፤ ነገ በዚያው በር የሚገባው ለመውረር ሰበብ የሚፈልግ ነው።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ዘዳግም 20፥10 ከውጊያ በፊት የሰላም ጥሪ እንዲቀድም ያዝዛል፤ 20፥19 የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ መቍረጥ ይከለክላል። ዛሬ የዚያ ዛፍ ቦታ የውኃ ማጣሪያው፣ የመብራት ኃይሉና ሆስፒታሉ ነው። የኮሶቮው ነገር ሌላም ያስተምራል፤ ከሰማይ የሚወርድ ቦምብ መንደር ገብቶ የሚያባርረውን ታጣቂ አላስቆመም፤ ድብደባው ከተጀመረ በኋላ የተፈናቃዩ ብዛት እጅግ አሻቀበ። በእግር ገብቶ ሕዝቡን ለመጠበቅ የማይፈልግ ኃይል «ላድን ነው» ሲል መጠርጠር ይገባል።

የማግስቱ ነገር ከሁሉ የከፋው ነው። በኢራቅ የወረራው አስተዳደር ግንቦት 16 ቀን 2003 ባወጣው ትእዛዝ ቁጥር 1 የሳዳምን ገዥ ፓርቲ የባዝን ከፍተኛ አባላት ከመንግሥት ሥራ አስወጣ፤ በሳምንቱ፣ ግንቦት 23 ቀን፣ በትእዛዝ ቁጥር 2 ሠራዊቱን በተነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያ የለመዱ ሰዎች ያለ ደመወዝ ቤታቸው ገቡ፤ የጦር መሣሪያ መጋዘኖች ጠባቂ አጡ፤ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት የሚያስኬድ ሰው ታጣ። ከጥንት ጀምሮ በዚያ የኖሩት ክርስቲያኖችም በአብዛኛው ተሰደዱ። በሊቢያ የጸጥታው ምክር ቤት መጋቢት 17 ቀን 2011 በውሳኔ 1973 ሲቪሎችን መጠበቅ ፈቀደ፤ ወራሪ ጦር ማስፈርን በግልጽ ከለከለ፤ ገዥውን አስወግዱ አላለም። ዘመቻው ግን ገዥው ጋዳፊ በጥቅምት እስኪገደል ቀጠለ። የጋዳፊ ጦር የተቃረባትን የቤንጋዚን ከተማ ለማዳን መነሣቱ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ስሕተቱ ዓላማው መሐል መንገድ ላይ መለወጡና ሚሊሻዎቹን ትጥቅ የሚያስፈታ ሳይዘጋጅ መቅረቱ ነው። በዚያ ሥርዓት አልባ ምድር በ2015 የግብፅና የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ስለ ስሙ ታረዱ።

የተሳካ የለም ማለቴ አይደለም። ቬትናም በታኅሣሥ 1978 ካምቦዲያ ገብታ በሁለት ሳምንት ገደማ ሕዝቡን ይፈጅ የነበረውን የክሜር ሩዥን አገዛዝ ጣለች፤ እልቂቱም ቆመ። የገባችው ግን ድንበሯ ስለተጠቃ ነው፤ ጦሯንም ያስወጣችው በ1989 ነው። ታንዛኒያም የዩጋንዳው ገዥ ኢዲ አሚን ግዛቷን ካጌራን ከወረረ በኋላ ገፍታ በሚያዝያ 1979 ጣለችው፤ ዩጋንዳ ግን ብዙም ሳትቆይ ወደ ሌላ የእርስ በርስ ጦርነት ገባች። ጌታ በሉቃስ 14፥31 ንጉሥ ወደ ጦርነት ከመውጣቱ በፊት ተቀምጦ እንደሚያስብ ተናግሯል። የሚታሰበውም እስከ ዋና ከተማው ድረስ ያለው መንገድ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ፖሊሱን፣ ዳኛውንና እህሉን ማን ያቀርባል የሚለው ጭምር ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስትከራከሩ «ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ» ብላችሁ አትጀምሩ። አንድ የተወሰነ ዘመቻ ያዙና ግድያው አሁን እየተፈጸመ ነው ወይ፣ ማን ፈቀደው፣ በአገሩ ውስጥ ግፉን የሚቀበሉት ሰዎች ራሳቸው ምን ይላሉ፣ ሽምግልናውና ማዕቀቡ ተሞክሯል ወይ እያላችሁ መርምሩ። ማዕቀብንም እንደ ቀላል ነገር አትዩት፤ በ1990ዎቹ በኢራቅ ላይ የተጣለው ከገዥው ይልቅ ድኻውን አደቀቀ። በውጭ የሚኖሩ ተቃዋሚዎች ብቻ የሚጠሩትን ጦር በጥንቃቄ እዩት፤ ቦምቡ የሚወድቀው በእነርሱ ቤት ላይ አይደለም።

መመኘትን በተመለከተ፣ የተገፋ ሰው አዳኝ መናፈቁ ኃጢአት አይደለም። የክፉው ክንድ እንዲሰበር መዝሙረኛውም ለምኗል፤ ያ ልመና ለጸሎት ይሆናል። የከተማ መቃጠል ሲታይ እልል ማለት ግን ለክርስቲያን አይገባም። ገዥው ንስሐ እንዲገባ መጸለይንም ማቴዎስ 5፥44 ያስገድደናል፤ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

ወታደሩን በተመለከተ አባቶች ሁለት ነገር ትተውልናል። ቅዱስ አትናቴዎስ ለመነኩሴው ለአሙን በጻፈው መልእክት በጦርነት ጠላትን መግደል የተፈቀደ ነው ይላል። ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ለኤጲስ ቆጶሱ ለአምፊሎኪዮስ በላከው 13ኛ ቀኖና፣ አባቶች በጦርነት መግደልን ከነፍሰ ገዳይነት እንዳልቈጠሩት ጠቅሶ፣ እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ 3 ዓመት ከቍርባን ቢቈጠቡ መልካም ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይመክራል። ሁለቱ አይጣሉም፤ አንዱ ስለ ሕጉ፣ አንዱ ስለ ቁስሉ ይናገራል። ወታደሩ እነዚህን አንብቦ በራሱ ላይ አይፍረድ፤ በራሱ ፈቃድ አይቅረብ፣ በራሱ ፈቃድም ለዘላለም አይራቅ። ለንስሐ አባቱ «ጦርነት ነበርኩ» ብሎ ብቻ አይለፍ፤ ማን ላይ እንደ ተኰሰ፣ ምርኮኛ ወይም ሲቪል ነክቶ እንደሆነ፣ ከሰው ቤት ያነሣው ነገር ካለ ለይቶ ይንገር። «ታዝዤ ነው» ማለት ጥፋቱን ያቀልል እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም፤ ሐዋርያት ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል ብለዋልና (ሐዋ. 5፥29)። መጥምቁ ዮሐንስ ወታደሮችን ትጥቃችሁን ፍቱ አላላቸውም፤ በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው አዘዛቸው (ሉቃ. 3፥14)። የዘረፈ ካለ ለባለቤቱ ይመልስ፤ ባለቤቱ ካልተገኘ ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ ለድኾች ይስጥ። የቀኖናውን ልክና ጊዜ የሚወስኑት ንስሐ አባቱ ናቸው።